የሃይድሮፖኒክስ ሙሙት ጥንካሬ ልኬት

የሃይድሮፖኒክስ ሙሙት ጥንካሬ ልኬት ያለ አፈር በሚካሄድ እርሻ ውስጥ ለተክል በሚሰጠው የምግብ ውሃ ምን ያህል የማዳበሪያ ጨው እንደሟሟ የሚታወቅበት ዘዴ ነው። ልኬቱ በአብዛኛው የሚካሄደው የውሃውን ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት በመለካት ነው። ይህ መጠን በአጭሩ ኢሲ ይባላል። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክን እጅግ በጥቂቱ ያስተላልፋል፤ በውስጡ የሚሟሟው ጨው በበዛ ቁጥር ግን አስተላላፊነቱ ይጨምራል። ስለዚህ አንድ አነስተኛ የእጅ መሣሪያ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ የሙሙቱን ጠቅላላ ጥንካሬ ሊያሳይ ይችላል።

አፈር ለተክል ምግብን ይዞ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ከልክ በላይ የተጨመረ ማዳበሪያንም በከፊል አምቆ ይይዛል። በሃይድሮፖኒክስ ግን ሥሩ የሚገናኘው ከምግብ ውሃው ጋር በቀጥታ ነው። ሙሙቱ ከቀጠነ ተክሉ ይራባል፤ ከወፈረ ደግሞ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፣ ቅጠሉም ጫፉ ይቃጠላል። ስሕተቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሙሉ ሰብል ሊያበላሽ ስለሚችል የኢሲ እና የፒኤች ልኬት የዘርፉ ዕለታዊ ሥራዎች ናቸው።

ታሪክ

እንግሊዛዊው ጆን ውድዋርድ እ.ኤ.አ. በ1699 ባሳተመው ጥናት የናና ዝርያ ተክሎችን ከተለያዩ ምንጮች በተቀዳ ውሃ ውስጥ አሳድጎ ነበር። ንጹሕ ከሆነው ውሃ ይልቅ አፈር ነክ ነገር ባለበት ውሃ ውስጥ ያሉት ተክሎች የተሻለ ማደጋቸውን አስተዋለ። ሆኖም በውሃው ውስጥ ያለው ጠቃሚ ነገር ምን እንደሆነ በዘመኑ በነበረው የኬሚስትሪ ዕውቀት ማወቅ አልተቻለም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀርመናውያኑ ዩሊየስ ፎን ዛክስ እና ቪልሄልም ክኖፕ ተክልን ከማዕድን ጨዎች በተሠራ ሙሙት ብቻ ማሳደግ እንደሚቻል አሳዩ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ይሠራ የነበረው ዊልያም ፍሬደሪክ ጌሪክ በ1930ዎቹ ዘዴውን ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ለምርት አቀረበው። ሃይድሮፖኒክስ የሚለው ስም፣ ውሃ እና ሥራ ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት ተገጣጥሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 በእሱ ጽሑፍ አማካይነት ታወቀ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዴኒስ ሆግላንድ እና ዳንኤል አርኖን እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጡት፣ በ1950ም የተሻሻለው መመሪያ የሆግላንድ ሙሙት የሚባለውን ቀመር ይዟል። ይህ ቀመር እስከ አሁን በምርምርና በትምህርት ቤቶች እንደ መነሻ ያገለግላል።

የልኬቱ መንገድ ደግሞ ከኬሚስትሪና ከፊዚክስ የመጣ ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፍሪድሪክ ኮልራውሽ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ተለዋዋጭ ኮረንቲን ተጠቅሞ የጨው ሙሙቶችን አስተላላፊነት በትክክል መለካት ቻለ። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1884 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ በውሃ የሚሟሟ ጨው ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፈው ኤሌክትሪካዊ ሙል ወዳላቸው አዮኖች ስለሚከፋፈል መሆኑን አስረዳ። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1903 የኖቤል ሽልማት በኬሚስትሪ ተሰጠው።

ልኬቱ በእርሻ ውስጥ የተለመደው በመጀመሪያ የመስኖን ጨዋማነት ለመመርመር ነው። በካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ የሚገኘው የአሜሪካ የጨዋማነት ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው መጽሐፍ በዚህ ረገድ ለብዙ አገሮች መሠረት ሆኗል። በ1970ዎቹ እንግሊዛዊው አለን ኩፐር ስስ የሙሙት ፈሳሽ በሥሮች ሥር እየዞረ ደጋግሞ የሚያልፍበትን ዘዴ ባስፋፋ ጊዜ የኢሲ ልኬት የግድ አስፈላጊ ሆነ፤ አንድ ዓይነት ውሃ ደጋግሞ ሲዞር ጥንካሬው በየሰዓቱ ይለዋወጣልና።

የልኬቱ መሠረት

ማዳበሪያ በውሃ ሲሟሟ ወደ አዮኖች ይከፋፈላል። ለምሳሌ ፖታሲየም ናይትሬት አዎንታዊ ሙል ያለው ፖታሲየም እና አሉታዊ ሙል ያለው ናይትሬት ይሆናል። ሁለት ኤሌክትሮዶች ወደ ሙሙቱ ገብተው የኤሌክትሪክ ግፊት ሲሰጣቸው አዮኖቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ እንቅስቃሴያቸውም ኮረንቲ ይሆናል። አዮኖቹ በበዙ ቁጥር ኮረንቲው ይበረታል።

አዮኖች ሁሉ ግን እኩል አያስተላልፉም። ፖታሲየም ከሶዲየም የተሻለ አስተላላፊ ነው። ከአሲድ የሚመጣው የሃይድሮጅን አዮን ደግሞ ከፖታሲየም ወደ አምስት እጥፍ የሚጠጋ ያስተላልፋል። ባይካርቦኔት ከናይትሬት ያነሰ ያስተላልፋል። ስለዚህ እኩል ክብደት ያላቸው ሁለት የተለያዩ ማዳበሪያዎች በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የተለያየ ኢሲ ይሰጣሉ።

ለግምት የሚያገለግል ቀላል ሕግ አለ፦ በሙሙቱ ውስጥ ያሉት አዎንታዊ አዮኖች በሚሊኢኩዊቫለንት በሊትር ተደምረው ለ10 ሲካፈሉ ውጤቱ ከኢሲው ጋር ይቀራረባል። የሆግላንድ ሙሙት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚገቡት ዋና ዋና ጨዎች የሚከተሉት ናቸው።

- ካልሲየም ናይትሬት፣ ከነውሃው፦ 1.18 ግራም
- ፖታሲየም ናይትሬት፦ 0.51 ግራም
- ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ከነውሃው፦ 0.49 ግራም
- ሞኖፖታሲየም ፎስፌት፦ 0.14 ግራም

ከነዚህ የሚገኘው ካልሲየም 10፣ ፖታሲየም 6፣ ማግኒዥየም 4 ሚሊኢኩዊቫለንት ነው። ድምሩ 20 ስለሆነ የሚጠበቀው ኢሲ 2.0 ሚሊሲመንስ በሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ቦሮን እና ሞሊብዲነም እጅግ በአነስተኛ መጠን ስለሚጨመሩ በኢሲው ላይ የሚታይ ለውጥ አያመጡም።

የመለኪያ አሃዶች

የአስተላላፊነት አሃድ ሲመንስ ነው፤ ስሙ የተወሰደው ከጀርመናዊው መሐንዲስ ቬርነር ፎን ሲመንስ ነው። በሃይድሮፖኒክስ የሚሠራባቸው ሦስቱ አጻጻፎች እርስ በርስ በቀላሉ ይመነዘራሉ፦ 1 ሚሊሲመንስ በሴንቲሜትር ከ1 ዴሲሲመንስ በሜትር ጋር እኩል ሲሆን፣ ከ1000 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ጋርም እኩል ነው። በአንዳንድ አገሮች፣ በተለይም በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ፣ ሲኤፍ የሚባል አሃድ ይሠራበታል፤ እሱም የኢሲው አሥር እጥፍ ነው። ኢሲ 2.0 ማለት ሲኤፍ 20 ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አሃድ ያልተጠቀሰለት የኢሲ ቁጥር ሁሉ በሚሊሲመንስ በሴንቲሜትር የተሰጠ ነው።

ብዙ መሣሪያዎች ውጤቱን በፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን ውስጥ ባለ ድርሻ፣ ያሳያሉ። ይህ ቁጥር ቲዲኤስ ወይም ጠቅላላ የሟሙ ጠጣሮች ተብሎ ይጠራል። መሣሪያው ግን በውሃው ውስጥ ያለውን ጨው አይመዝንም። የሚለካው ኢሲን ሲሆን፣ ከዚያ በተወሰነ ቁጥር አባዝቶ ፒፒኤም ብሎ ያሳያል። ችግሩ ማባዣው ከአምራች አምራች መለያየቱ ነው።

- የ500 ማባዣ፦ በገበታ ጨው፣ ማለትም በሶዲየም ክሎራይድ፣ ላይ የተመሠረተ ነው። ኢሲ 2.0 ሲሆን 1000 ፒፒኤም ያሳያል።
- የ640 ማባዣ፦ ከመስኖ ውሃ ጥናት የመጣ ነው። ኢሲ 2.0 ሲሆን 1280 ፒፒኤም ያሳያል።
- የ700 ማባዣ፦ 40 በመቶ ሶዲየም ሰልፌት፣ 40 በመቶ ሶዲየም ባይካርቦኔት እና 20 በመቶ ሶዲየም ክሎራይድ ባለው ድብልቅ ላይ የተመሠረተ ነው። ኢሲ 2.0 ሲሆን 1400 ፒፒኤም ያሳያል።

ከላይ የተጠቀሰው የሆግላንድ ሙሙት በእውነተኛ ክብደት ሲሰላ በአንድ ሊትር ወደ 1700 ሚሊግራም የሚጠጋ አዮን አለው። ከሦስቱ ማባዣዎች አንዱም ይህን ቁጥር አይሰጥም፤ ምክንያቱም ማባዣዎቹ የተወሰዱት ከማዳበሪያ ሳይሆን ከሌሎች ጨዎች ነው።

ይህ የአሃድ ልዩነት በተግባር ሰብል ያበላሻል። አንድ አምራች የ700 ማባዣ ባለው መሣሪያ 1400 ፒፒኤም ለክቶ ጥሩ ውጤት ቢያገኝና ቁጥሩን ለሌላ ሰው ቢናገር፣ ሰሚው የ500 ማባዣ ባለው መሣሪያ 1400 እስኪያነብ ድረስ ማዳበሪያ ይጨምራል። በዚያን ጊዜ የሙሙቱ ኢሲ 2.8 ይሆናል፤ ይህም ከታሰበው በ40 በመቶ የወፈረ ነው። ለቲማቲም ይህ ላይጎዳ ይችላል፤ ለሰላጣ ወይም ለችግኝ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ በፒፒኤም የተጻፈ ምክር ማባዣው ካልተገለጸ በቀር ሙሉ መረጃ አይደለም። ኢሲ ግን በየትኛውም አገርና መሣሪያ አንድ ዓይነት ትርጉም አለው።

የመለኪያው አሠራር

ተራው የእጅ መሣሪያ ከአይዝጌ ብረት ወይም ከግራፋይት የተሠሩ ሁለት ኤሌክትሮዶች አሉት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ለኤሌክትሮዱ ስፋት ሲካፈል የሴል ቋሚ የሚባለውን ቁጥር ይሰጣል፤ መሣሪያውም በዚህ ቁጥር ተጠቅሞ ያነበበውን ወደ ኢሲ ይለውጣል። በኤሌክትሮዱ ላይ ቆሻሻ ሲጋገር የሚሠራው ስፋት ስለሚቀንስ መሣሪያው ከእውነተኛው ያነሰ ያነባል። የአየር አረፋም ተመሳሳይ ስሕተት ያመጣል።

መሣሪያው የሚጠቀመው ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው። ቀጥተኛ ኮረንቲ ቢሆን ኖሮ አዮኖች በኤሌክትሮዶቹ ዙሪያ ይከማቹና ልኬቱን ያዛቡ ነበር። በትልልቅ ግሪንሃውሶች አራት ኤሌክትሮድ ያላቸው፣ ወይም ሙሙቱን በቀጥታ ሳይነኩ በጥቅል ሽቦ የሚለኩ መሣሪያዎች ይገጠማሉ፤ እነዚህ በቆሻሻ ያን ያህል አይሳሳቱም።

የሙቀት መጠን በልኬቱ ላይ ከፍተኛ ተጽዕኖ አለው። ውሃው ሲሞቅ አዮኖች ይፈጥናሉ፤ ኢሲውም ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ በ2 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ውጤት ሁሉ ውሃው 25 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ወደሚያሳየው ቁጥር ተመልሶ ይነገራል። ማረሚያ በሌለው መሣሪያ ትክክለኛ ኢሲው 2.0 የሆነ ሙሙት በ15 ዲግሪ 1.6፣ በ35 ዲግሪ ደግሞ 2.4 አካባቢ ያሳያል። አብዛኞቹ የዛሬ መሣሪያዎች የሙቀት ማረሚያ አላቸው። ሆኖም የመሣሪያው ቴርሞሜትር ከሙሙቱ ጋር እስኪስተካከል አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል።

መሣሪያውን ማረምና መንከባከብ

መሣሪያው በትክክል ማንበቡ የሚረጋገጠው ኢሲው አስቀድሞ በታወቀ ሙሙት ነው። በጣም የተለመደው በ25 ዲግሪ 1.413 የሚያሳየው ነው፤ ይህም በአንድ ሊትር የተነጠረ ውሃ 0.746 ግራም ገደማ ፖታሲየም ክሎራይድ የያዘ ነው። ወፍራም ሙሙት ለሚጠቀሙ 2.76 የሆነ ማረሚያም ይሸጣል። በአምራቹ መመሪያ መሠረት የሚከተለው ይደረጋል።

- ኤሌክትሮዱ በተነጠረ ውሃ ይታጠባል፤ በንጹሕ ወረቀትም ጠብታው ይወሰዳል።
- ማረሚያው ሙሙት በትንሽ ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ይቀዳል፤ ኤሌክትሮዱ በቀጥታ ወደ ጠርሙሱ አይገባም።
- መሣሪያው በቀስታ ተነቅንቆ የአየር አረፋው ይወጣል፤ ንባቡም እስኪረጋ ይጠበቃል።
- ንባቡ ከማረሚያው ጋር ካልተስማማ በመሣሪያው ማስተካከያ ይታረማል።
- ያገለገለው ማረሚያ ወደ ጠርሙሱ አይመለስም።

ክዳኑ ክፍት የቆየ ማረሚያ ውሃው ስለሚተን ይወፍራል። በእሱ የታረመ መሣሪያም ከእውነተኛው ያነሰ ያነባል፤ ተጠቃሚውም ሳያውቅ ማዳበሪያ ያበዛል። በኤሌክትሮዱ ላይ ነጭ የኖራ ሽፋን ከተጋገረ በኮምጣጤ ወይም በቀጭን አሲድ ይጸዳል። የኢሲ ኤሌክትሮድ ደርቆ መቀመጥ ይችላል፤ የፒኤች ኤሌክትሮድ ግን ሁልጊዜ በማቆያ ፈሳሹ ውስጥ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ሁለቱን አንድ ላይ የያዙ መሣሪያዎች እንደ ፒኤች ኤሌክትሮዱ ደንብ ይቀመጣሉ።

የመነሻ ውሃ

ማዳበሪያ ከመግባቱ በፊት የውሃው የራሱ ኢሲ ይለካል። የዝናብ ውሃ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። የጉድጓድ ውሃ ግን እንደ ቦታው ከ0.2 እስከ 1.0፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። መነሻው 0.3 የሆነ ውሃ ማዳበሪያ ተጨምሮበት 1.8 ሲያሳይ ከማዳበሪያ የመጣው 1.5 ብቻ ነው።

መነሻው ከፍተኛ ሲሆን ጥያቄው በውስጡ ያለው ምንድን ነው የሚለው ነው። ካልሲየምና ማግኒዥየም ከሆኑ ተክሉ ይጠቀምባቸዋል፤ የማዳበሪያውም ቀመር በዚያው ልክ ይቀነሳል። ሶዲየምና ክሎራይድ ከሆኑ ግን ተክሉ በጥቂቱ ብቻ ስለሚወስዳቸው በሚዞር ሙሙት ውስጥ እየተከማቹ ይሄዳሉ። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ብዙ የከርሰ ምድር ውሃዎች ሶዲየም፣ ባይካርቦኔትና ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል። በዚሁ ሸለቆ ያሉት የዝዋይ እና የሻላ ሐይቆች ብዙም ባይራራቁም የመጀመሪያው ጨው አልባ፣ ሁለተኛው ደግሞ ጨዋማና አልካላይን ነው። ስለዚህ የአንዱ አካባቢ ቀመር ለሌላው ሳይለካ አይወሰድም።

ዝቅተኛ ኢሲም ብቻውን የውሃን ደግነት አያረጋግጥም። በእስራኤል አሽከሎን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ የጀመረው የባሕር ውሃ ማጣሪያ ያወጣው ውሃ ጨዋማነቱ ዝቅተኛ ነበር፤ ነገር ግን ካልሲየምና በተለይም ማግኒዥየም አጥሮት ስለነበር ለመስኖ ሲውል እነዚህን በማዳበሪያ መተካት አስፈለገ። በተጣራ የባሕር ውሃ ውስጥ የሚቀረው ቦሮን ደግሞ በአብዛኛው ሙል የሌለው ቦሪክ አሲድ ሆኖ ስለሚገኝ ኢሲ አያሳየውም፤ ሲበዛ ግን ተክልን ይመርዛል። የባሕር ውሃ አጣርተው በሚጠቀሙ የባሕረ ሰላጤው አገሮችም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

የተለመዱ መጠኖች

ለሰብሎች በአብዛኛው የሚመከሩት የኢሲ መጠኖች የሚከተሉት ናቸው።

- ገና የበቀለ ችግኝ፦ 0.5 እስከ 1.0
- ሰላጣ፦ 1.2 እስከ 1.8
- በሶብላ፦ 1.0 እስከ 1.6
- እንጆሪ፦ 1.8 እስከ 2.2
- ኪያር፦ 1.7 እስከ 2.0
- ጽጌረዳ፦ 1.5 እስከ 2.5
- ቲማቲም፦ 2.0 እስከ 4.0

ቁጥሮቹ መነሻ እንጂ ሕግ አይደሉም። በሞቃትና ደረቅ አየር ተክሉ ብዙ ውሃ ስለሚጠጣ ሙሙቱ ቀጠን ይላል፤ በቀዝቃዛና ደመናማ ወቅት ደግሞ ወፈር ሊደረግ ይችላል። ቲማቲም የሚያመርቱ ሰዎች አንዳንዴ ሆን ብለው ኢሲውን ከፍ ያደርጋሉ። በዚያን ጊዜ ወደ ፍሬው የሚገባው ውሃ ስለሚቀንስ ፍሬው ይጣፍጣል፤ በምትኩ ግን መጠኑ ያንሳል፣ ጠቅላላ ምርቱም ይቀንሳል።

በተክሉ ላይ ያለው ተጽዕኖ

ውሃ ወደ ሥር የሚገባው በኦስሞሲስ ነው፤ ማለትም ቀጭን ከሆነው ሙሙት ወደ ወፈረው የሥር ሕዋስ ይሄዳል። የውጪው ሙሙት ሲወፍር ይህ ልዩነት ይጠባል። በግምት እያንዳንዱ 1.0 ኢሲ 0.36 ባር የሚሆን የኦስሞሲስ ግፊት ይጨምራል፤ ተክሉም ውሃ ለመሳብ ይህን ግፊት ማሸነፍ አለበት። ለዚህ ነው ከልክ በላይ ማዳበሪያ የገባለት ተክል ሥሩ በውሃ ውስጥ ሳለ በቀትር የሚጠወልገው። ይህን ጥማት መስሎት ማዳበሪያ ያለበት ውሃ የሚጨምር ሰው ጉዳቱን ያባብሳል።

ካልሲየም በተክሉ ውስጥ የሚጓዘው ከውሃ ጋር ነው። ስለዚህ ኢሲው ከፍ ብሎ የውሃ ጉዞ ሲደክም በሙሙቱ ውስጥ በቂ ካልሲየም እያለ እንኳ ጉድለቱ ይታያል። በቲማቲምና በቃሪያ የፍሬው ታች ጥቁር ሆኖ ይበሰብሳል፤ በሰላጣ የውስጠኛው ለጋ ቅጠል ጫፉ ይቃጠላል። ኢሲው ከልክ በታች ሲሆን ደግሞ እድገት ይዘገያል፤ ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎችም በናይትሮጅን እጥረት ቢጫ ይሆናሉ።

ንባቡን መተርጎም

ሙሙቱ በሚዞርበት ዘዴ የኢሲው ለውጥ የተክሉን ሁኔታ ይናገራል። ማጠራቀሚያው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይለካል፤ የውሃው ከፍታም አብሮ ይመዘገባል።

- ውሃው ቀንሶ ኢሲው ከጨመረ ተክሉ ከምግብ ይልቅ ውሃ ወስዷል። ሙሙቱ ወፍሯል ማለት ነው፤ ተራ ውሃ ይጨመራል።
- ውሃው ቀንሶ ኢሲውም ከቀነሰ ተክሉ ከውሃ ይልቅ ምግብ በብዛት ወስዷል። ማዳበሪያ ያለበት ውሃ ይጨመራል፤ የታለመውንም መጠን በጥቂቱ ማሳደግ ይቻላል።
- ውሃው ቀንሶ ኢሲው ካልተለወጠ ሁለቱን በተመጣጠነ መልኩ ወስዷል። ተመሳሳይ ጥንካሬ ያለው ሙሙት ይጨመራል።

የወፈረን ሙሙት ለማቅጠን የሚጨመረው ውሃ እንዲህ ይሰላል፦ አሁን ካለው ኢሲ የታለመው ይቀነሳል፤ ውጤቱ በሙሙቱ ሊትር ይባዛል፤ ከዚያም ከታለመው ኢሲ ላይ የተራው ውሃ ኢሲ ተቀንሶ በሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። 100 ሊትር ሙሙት ኢሲው 2.4 ቢሆን፣ የታለመው 1.8፣ የተራው ውሃ ደግሞ 0.3 ቢሆን፣ 0.6 በ100 ተባዝቶ ለ1.5 ሲካፈል 40 ሊትር ይሆናል።

የቀጠነን ሙሙት ለማጠንከር አብዛኞቹ አምራቾች ሀ እና ለ የሚባሉ ሁለት የተከመቹ ሙሙቶችን ያዘጋጃሉ። በአንደኛው ካልሲየም ናይትሬት፣ በሁለተኛው ሰልፌትና ፎስፌት ይገባሉ። ሁለቱ ሳይቀጥኑ ከተቀላቀሉ ካልሲየም ከሰልፌት ጋር ተዋሕዶ ጀሶ ይሆንና ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከፎስፌት ጋርም እንዲሁ ይዘቅጣል። የዘቀጠ ጨው አዮን ስላልሆነ ኢሲ አይቆጥረውም፤ ተክሉም አይጠቀምበትም። ከእያንዳንዳቸው 1 ሊትር በ100 ሊትር ውሃ ውስጥ ሲገባ ኢሲውን በ2.0 የሚጨምር ከሆነ፣ 200 ሊትርን ከ1.2 ወደ 1.6 ለማድረስ ከእያንዳንዱ 0.4 ሊትር ይበቃል። ጭማሪው በሁለት ሦስት ጊዜ ተከፍሎ፣ በየመሃሉ እየተማሰለና እየተለካ ይደረጋል።

ተክሎቹ በኮኮናት ገለባ፣ በሮክዉል፣ በፐርላይት ወይም በኢትዮጵያ ሬድ አሽ ተብሎ በሚጠራው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ላይ ሲበቅሉ ሁለት ልኬት ያስፈልጋል፦ የሚገባው ሙሙትና ከሥር የሚንጠባጠበው ትርፍ ውሃ። የሚወጣው ከሚገባው በብዙ ከበለጠ በሥሩ ዙሪያ ጨው እየተከማቸ ነው። በዚያን ጊዜ የውሃው መጠን ይጨመራል ወይም የሚገባው ሙሙት ይቀጥናል። የሚገባውን ብቻ የሚለካ ሰው ግን ሥሩ ያለበትን ሁኔታ አያውቅም።

ኢሲ የማይናገረው

ኢሲ የጨዎቹን ጠቅላላ ድምር እንጂ ዓይነታቸውን አይለይም። 1.8 የሚያሳይ ጥሩ የምግብ ውሃና 1.8 የሚያሳይ የገበታ ጨው ውሃ ለመሣሪያው አንድ ናቸው። ለሳምንታት ሳይቀየር ማዳበሪያ እየተጨመረበት የቆየ ሙሙት ኢሲው ትክክል ሆኖ ሳለ ናይትሬቱና ፖታሲየሙ አልቆ በምትኩ ሶዲየም፣ ክሎራይድና ሰልፌት ሊሞላው ይችላል። ስለዚህ በትንንሽ ማጠራቀሚያዎች ሙሙቱ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል፤ በትልልቅ እርሻዎች ደግሞ ናሙናው ወደ ቤተ ሙከራ ይላካል።

የብረት እጥረት በኢሲ አይታይም፤ መጠኑ በሊትር ከጥቂት ሚሊግራም አያልፍምና። ዩሪያም ሙል ስለሌለው ኢሲን አይጨምርም፤ ዩሪያ ያለበት የአፈር ማዳበሪያ በኢሲ ተለክቶ ሲገባ ናይትሮጅኑ ከታሰበው በላይ ይሆናል። ከፍግ ወይም ከሌላ ተፈጥሯዊ ነገር የተዘጋጀ ፈሳሽ ማዳበሪያም ብዙው ምግቡ ገና በባክቴሪያ ወደ አዮን ስላልተለወጠ ከእውነተኛ ጥንካሬው ያነሰ ኢሲ ያሳያል።

ፒኤች ለብቻው ይለካል። በአብዛኛው ከ5.5 እስከ 6.5 ባለው ክልል ውስጥ ይጠበቃል። ከዚህ በላይ ሲወጣ ብረት፣ ማንጋኒዝና ፎስፈረስ በሙሙቱ ውስጥ እያሉ ለተክሉ የማይደርሱ ይሆናሉ። በተለመደው አሠራር መጀመሪያ ማዳበሪያው ገብቶ ኢሲው ይስተካከላል፤ ቀጥሎ ፒኤች ይታረማል፤ በመጨረሻም አሲዱ ወይም ቤዙ ኢሲውን ስለሚለውጥ ዳግም ይለካል። ናይትሬትን ወይም ፖታሲየምን ለይተው የሚለኩ ኤሌክትሮዶችም አሉ፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ሲሆን ቶሎ ቶሎ መታረም ይፈልጋሉ።

ያገለገለ ሙሙት አወጋገድ

ያገለገለ ሙሙት ተራ ቆሻሻ ውሃ አይደለም። ሙሉ ጥንካሬ ያለው የሆግላንድ ሙሙት በአንድ ሊትር 930 ሚሊግራም ገደማ ናይትሬት ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን 50 ሚሊግራም ስለሆነ ሙሙቱ ከወሰኑ ከ18 እጥፍ በላይ ነው። ናይትሬት የበዛበት ውሃ በተለይ ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት አደገኛ ነው፤ ደማቸው ኦክሲጅን የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። ወደ ሐይቅ ሲገባ ደግሞ ናይትሬቱና ፎስፌቱ አልጌን ያበዛሉ፤ አልጌው ሲበሰብስም የዓሣው ኦክሲጅን ያልቃል። የጽጌረዳ ግሪንሃውሶች በብዛት በሚገኙበት የዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ፣ ሐይቁ ለአሣ ማስገሪያም ለመስኖም ስለሚያገለግል፣ ጉዳዩ ክብደት አለው።

ስለዚህ ያገለገለው ሙሙት ከጉድጓድና ከወንዝ ርቆ፣ ኢሲው ተለክቶና በውሃ ቀጥኖ፣ አፈር ላይ ለተተከሉ ዛፎችና አትክልቶች ማጠጫ ይሆናል። የኢሲ መለኪያው በዚህም ያገለግላል፦ ሙሙቱ ምን ያህል መቅጠን እንዳለበትና በአፈሩ ላይ ጨው እየተጠራቀመ መሆን አለመሆኑን ያሳያል።